ኢየሩሳሌምን ያላየ ፈታኝ

በሕይወቴ አንድ ሰው ብቻ ፈትኜ ጥያለሁ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ ብነግራችሁ ግን «አንተን ደግሞ ማን ፈታኝ አደረገህ?» ትሉኛላችሁ። ፈተናው ስለ ኢየሩሳሌም ነበር። ኢየሩሳሌምን አይቻት አላውቅም። ሰማንያን ተሻግሬ በከዘራ የምሄድ ሽማግሌ ሆኜም እስከዛሬ አላየኋትም። ያኔ ግን ከተማዪቱን ከጓዳ እስከ ደጅ እንደ እናቴ ቤት የማውቃት ይመስለኝ ነበር። በዚህ እውቀቴ ሰው ላስገድል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ የጉምሩክ ጸሐፊ ነኝ። የተወለድኩት ደጋው ላይ ጎሬ ሲሆን ለድቁና ስማር ነበር። የኔታ አንድ ቀን ዜማዬን በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና፣ «ልጄ፣ አንተስ መንግሥት ቤት ብትገባ ይሻልሃል፤ እዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ የለም» አሉኝ። እንዳሉት ሆነ። ዘመናዊውን ትምህርት እስከ ስምንተኛ ገፋሁና ወደ ቆላው ተልኬ ባሮ ዳር፣ እንግሊዞች ትተውት በሄዱት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ማኅተም ይዤ ተቀመጥኩ። ቀን ቀን ላቤን እጠርጋለሁ፤ የቀረውን ጊዜ ሰው እጠረጥራለሁ።

ጊዜው ኢየሩሳሌም በስድስት ቀን ጦርነት ከዮርዳኖሶች እጅ ወጥታ እስራኤሎች እጅ በገባች በዓመቱ ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኢየሩሳሌምን ያየ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር፤ የኔ አይደለችም የሚል ሰው ግን አልነበረም። እኛ ከደጋ የወረድነው የመንግሥት ሠራተኞች ከሥራ በኋላ ተሰብስበን፣ «ንግሥታችን ሰሎሞን ዘንድ ሄዳ የለ? ከተማዪቱ የአማቾቻችን ቤት ናት!» እንባባላለን። እስላሞቹ ነጋዴዎች በበኩላቸው የመጀመሪያው የስግደት አቅጣጫ እሷ እንደነበረች ያወራሉ። እኛ ስንመጣ ወሬ ይቀይራሉ፤ እነሱ ሲመጡ እኛም ስለ ሙቀቱ ማውራት እንጀምራለን።

በተለይ የምጠረጥረው ሐጂ ሰዒድን ነበር። ሐጂ ከወሎ መጥተው ባሮ ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ሬዲዮ አላቸው። ሬዲዮው የማንን ወሬ እንደሚያወራ ለማጣራት በየቀኑ ስኳር ልገዛ እሄድ ነበር። ሻይ አልጠጣም። ክፍሌ በስኳርና በጉንዳን ተሞላ። በመጨረሻ ያጣራሁትን ጽፌ ለፖሊስ ሰጠሁ፤ «ሐጂ ሰዒድ የተባሉት የዐረብ ሬዲዮ እያዳመጡ ጢማቸውን ያሻሻሉ» የሚል ነበር። ጢም ማሻሸት ወንጀል መስሎኝ ነበር መሰለኝ።

እንግዲህ በነሐሴ ወር፣ ባሮ ሞልቶ ጀልባ በሚገባበት ጊዜ፣ ከሱዳኗ ናስር ጨው ጭና በመጣች ጀልባ ላይ አንድ መነኩሴ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ነው። የፖሊሱ አዛዥ መቶ አለቃ ግዛው አስጠሩኝ።

«አንተ የቤተ ክህነት ሰው አይደለህ?» አሉኝ።

«ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«ለምን ተውከው?»

«በድምፄ ምክንያት።»

«እኔ ድምፅህን አልፈልገውም። አንድ ሰው ትፈትንልኛለህ። ከኢየሩሳሌም በሱዳን በኩል ነው የመጣሁት ይላል። ወረቀት የለውም፤ በጦርነቱ ተቃጠለብኝ ይላል። ሱዳኖቹ ማዶ እርስ በርስ እየተፋጁ ነው። በስደተኛ ስም ሰላይ መጣ፣ በአስተማሪ ስም መጣ። አሁን ደግሞ በቆብ መጣልን። መነኩሴ መሆኑን ካረጋገጥክልኝ ወደ ጎሬ ይውጣ። ካልሆነ ጀልባዋ ቅዳሜ ጠዋት ትመለሳለች፤ በመጣባት ትወስደዋለች።»

ከበሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ኦጁሉ ወደ እኔ አየ። ኦጁሉ የጎግ አኝዋ ነው፤ አማርኛን ከእኛ ተምሮ ከእኛ ይልቅ አሳጥሮ የሚናገር ሰው ነበር። ስንወጣ ተከተለኝና፣ «ጸሐፊ፣ ቀስ ብለህ ጠይቅ» አለኝ።

«ለምን?»

«ሰኔ ላይ ሁለት ሰው መለስን። ማዶ ወታደሩ 'የሽፍታ ሰላይ ነህ' አለው። ሽፍታው ደግሞ 'የወታደር ሰላይ ነህ' ይላል። ሁለቱም ጥይት አለው። አንዱን እዚያው ዳር ላይ ገደሉት፤ እኔ በዓይኔ አየሁ።»

ይህን ሰምቻለሁ። ሳልሰማ ነው ያደረግሁት ብዬ አላታልላችሁም።

ሰውየው ከመጋዘኑ ፊት ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቢጫ ቆቡ በላብ የጠቆረ። ስሙ አባ ገብረ መድኅን እንደሆነ ነገረኝ። ወንበር አስመጣሁ፤ ለራሴ ነው። ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እንደ ሊቀ ጳጳስ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«አባ፣ እስቲ ስለ ጎልጎታ ተራራ ይንገሩኝ። ቁመቱ ምን ያህል ነው? ዛፍ አለበት?»

«ተራራ የለም» አለ።

«እንዴት የለም?»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያለው፣ ልጄ። በሩን እንደገባህ በስተቀኝ ደረጃ አለ፤ ጠባብ ነው። ወጣ ስትል ጎልጎታ ነው። ድንጋዩን በመስተዋት ታየዋለህ።»

እኔ እኮ ጎልጎታን አውቀዋለሁ! የኔታ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር፤ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ሦስት መስቀል፣ ከጀርባው የምትጠልቅ ፀሐይ። ስንት ዓመት አፍጥጬበታለሁ። ተራራን የሚያህል ነገር ቤት ውስጥ አስገባብኝ! «አንድ» ብዬ በልቤ ቆጠርኩ።

«የኛ መነኮሳትስ? ገዳማቸው የት ነው?»

«ጣሪያ ላይ።»

«ምን ላይ?»

«ጣሪያ ላይ። የትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ። ትናንሽ የጭቃ ጎጆዎች አሉ፤ አንዷ ጎጆ ለአንድ ሰው ናት፤ እግር ከዘረጉ በሩ አይዘጋም።»

ሳቄ አመለጠኝ። የሳባን ንግሥት አገር ሰዎች፣ የሰሎሞንን አማቾች፣ እንደ ድመት ጣሪያ ላይ! «እንዴ፣ ምድር ቤቱን ማን ወሰደው?»

«ግሪኮች፣ ላቲኖች፣ አርመኖች፣ ግብፆች። እኛም ድሮ ነበረን ይባላል። ወረርሽኝ መጣና አባቶች አለቁ፣ ወረቀቱ ተቃጠለ፣ ቁልፉ ተወሰደ። ጣሪያዋንም ግብፆች 'የእኛ ናት' ይሉናል። አንዱ የሌላውን ደረጃ በስሕተት ከጠረገ በመጥረጊያ ይደባደባሉ።»

«ካህናት? በመጥረጊያ?»

«ባገኙት።»

«ሁለት፣ ሦስት» አልኩ በልቤ። ላቡ በአፍንጫው ይወርዳል፤ እኔ ፍርሃት ነው ብዬ መዘገብኩት። የጋምቤላ ነሐሴ መሆኑን ረስቼው ነው፤ የእኔም ላብ ወረቀቱን አርሶታል።

«እሺ። የጌታችን መቃብር ያለበትን ቤተ ክርስቲያን በር ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው የትኛው ካህን ነው?»

ቆቡን አስተካከለ። ምን እንደሚመጣበት ያወቀ ይመስለኛል።

«ካህን አይደለም። እስላም ነው።»

«ምን አልክ?» እዚህ ላይ ነው «እርስዎ»ን የጣልኩት።

«ክርስቲያኖቹ ስለማይተማመኑ ቁልፉ ከጥንት ጀምሮ በእስላም ቤተሰብ እጅ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። በእውነት ነው የምልህ።»

ተነሣሁ። ከዚህ በላይ ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? የጌታን መቃብር ቁልፍ ለእስላም የሰጠ ሰው በዐረቦች ካልተላከ በማን ሊላክ ነው? ቢሮዬ ገብቼ በጥሩ ጽሕፈት እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ከኢየሩሳሌም መጣሁ ባዩ ግለሰብ ተጠይቆ፣ ስለ ቅድስት ከተማ አንዳችም የማያውቅ ሐሰተኛ መሆኑ ተረጋግጧል።» ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታሁት። አንዱ ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ፣ ስኳር ልገዛ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ዓላማዬ ሌላ ነው፤ የሰላዩን ወሬ ነግሬያቸው ፊታቸውን ለማየት። እየሳቅሁ ስለ ተራራው ነገርኳቸው። ሐጂ ስኳሩን እየመዘኑ ነው። ስለ መጥረጊያው ነገርኳቸው፤ መመዘናቸውን አላቆሙም። «መነኮሳቱ ጣሪያ ላይ ነው የሚኖሩት አይለኝ መሰልዎ!» ስል ግን እጃቸው ቆመ። ስኳሩ ከሚዛኑ ሰሃን እየሞላ ወደ ጠረጴዛው ፈሰሰ።

«ምነው ሐጂ?»

«ምንም። ምን ልታደርጉት ነው ሰውየውን?»

«ነገ ይመለሳል።»

«ወደ ማዶ?»

«በመጣበት።»

ስኳሩን በእጃቸው ሰብስበው ወረቀት ውስጥ ጨመሩልኝ። ገንዘቡን መቀበል ረሱ። ደስ አለኝ፤ ያዝኳቸው! ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

ከጁምዓ ስግደት በኋላ ሐጂ ወደ ሱቃቸው በመሄድ ፈንታ ወደ መጋዘናችን ሲታጠፉ አየኋቸው። ሰውየው የታሰረው በእኛ መጋዘን ጫፍ ባለው ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ጨው ክምሩ ይዞራል። እኔም በጓሮ ዞሬ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ተቀመጥኩ። በዚያ ሙቀት አንድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ጨው ላይ ሲደገፍ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቋንጣ ሆንኩላችሁ።

ሐጂ ኦጁሉን አስፈቅደው በመስኮቱ ሲያናግሩት ሰማሁ።

«ከጎጆዎቹ መካከል ያለችው ዛፍ ምንድን ናት?»

«ወይራ ናት» አለ ሰውየው።

«ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?»

«ከሥር ጉድጓድ አለ። በድንጋይ ደረጃ ወደ ጨለማ ትወርዳለህ፤ ክረምት ክረምት ደረጃው ያዳልጣል፤ በግራ እጅህ ግድግዳውን መያዝ አለብህ። ባልዲውን በቀኝ ትከሻህ ታወጣዋለህ። በግራ ከያዝከው ጠባቧ መታጠፊያ ላይ ይደፋብሃል።»

ሐጂ «በቀኝ ትከሻ» ብለው ደገሙ። ከዚያ ሰውየው ቀጠለ፦ «ያች ወይራ እኮ አብርሃም በይስሐቅ ፈንታ የሠዋው በግ የተገኘባት ናት።»

«በማን ፈንታ?»

«በይስሐቅ።»

«ኢስማዒል ነው!» አሉ ሐጂ። «ቦታውም እዚያ አይደለም፣ ሚና ነው፤ መካ አጠገብ።»

«እኔ አሥራ ሰባት ዓመት በዛፏ ጥላ ተቀምጬ አንተ ትነግረኛለህ?»

«አሥራ ሰባት ዓመት በተሳሳተ ዛፍ ሥር ተቀመጥክ!»

«በጉ እዚያ ነው የተያዘው!»

«በጉ ሚና ነው!»

ከጆንያዎቹ ኋላ ሆኜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ምስጢራዊ ቋንቋ ነው! በግ ማለት ጠመንጃ ነው፤ ዛፏ ጠመንጃው የሚረከብበት ቦታ ናት፤ ሚና ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ያለ መንደር ነው። ጨው በጨው እንደሆንኩ ዘልዬ ወጣሁ።

«ያዝኳችሁ! በጉ የት ነው ያለው?»

ሦስቱም ሰዎች አዩኝ። ኦጁሉ ቀስ ብሎ፣ «ጸሐፊ፣ ቅንድብህ ነጭ ሆኗል» አለኝ።

«ኦጁሉ፣ አትስማቸው፣ ተማክረው ነው!»

«አልተማከሩም፤ ተጣሉ እንጂ። እኛ አገር የንጉሥ ዶቃ አለ። አሮጌ ዶቃ ነው። የሚይዘው ሰው ንጉሥ ይሆናል። የኔ ነው፣ የኔ ነው ብለው የንጉሥ ልጆች በዶቃው ይዋጋሉ። እኔ ልጅ ሆኜ አየሁ። እዚህ ገበያ ያለ ሰው ግን ስለዚያ ዶቃ ተጣልቶ ያውቃል? አያውቅም። አላየውማ። እነዚህ ሁለቱ ያንን ዛፍ አይተዋል።»

ወደ ሐጂ ዞርኩ። «እርስዎ እንዴት ያውቃሉ? መቼ አዩት?»

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው ነግሮኝ» አሉ።

«ማን?»

«ሰው።» ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ያን ቀን ከሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የጻፍኩትን ግልባጭ ደጋግሜ አነበብኩ። ልክ ላልሆን እችላለሁ የሚል ሐሳብ በበሩ ብቅ ይላል፤ እኔ ደግሞ «ቢሮ ዝግ ነው» እለዋለሁ። ሁለት ማኅተም የመታ ሰው ወደ አለቃው ተመልሶ «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» እንዴት ይላል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስፈራኝ የሰውየው ሞት አልነበረም። ያስፈራኝ የመቶ አለቃው ሳቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ነው። ባሮ ዳር ሰው ሞልቷል፤ ዓሣ የያዙ አኝዋዎች፣ ወተት በቅል የያዙ ኑዌሮች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቷል። ኦጁሉ ሰውየውን ይዞ ወደ ጀልባዋ ሲወርድ እኔ ማንጎው ሥር ቆሜ ነበር። ሰውየው በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ይረግመኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ልጄ፣ የጎልጎታው ደረጃ በስተቀኝ ነው» አለኝ። «በስተግራ እንዳልኩህ አድርገህ ጽፈህ እንደሆነ አስተካክለው።»

ይህን ብሎኝ ወረደ። የሚገደል ሰው ስለ ደረጃ ይጨነቃል? እግሬ ሳያማክረኝ ወደ መቶ አለቃው ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ምናልባት... ያ ጽሑፍ...»

«ምን ሆነ?»

«ምናልባት ልክ ላይሆን ይችላል።»

«ሁለት ማኅተም አለበት እኮ» አሉኝ። «አሁን በምን ታፈርሰዋለህ? ምስክር አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዞር በል።»

ጀልባዋ ገመዷ ተፈታ። ሰውየው ጨው በተራገፈበት ወለል ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ሐጂ ሰዒድ ከሱቃቸው በባዶ እግራቸው ሲመጡ ያየሁት። ጫማ እንኳ አላደረጉም። የመስጊዱ ኢማም፣ የወሎ ነጋዴዎች፣ ሁሉም እዚያው ቆመዋል። ሐጂ በመካከላቸው አልፈው ከመቶ አለቃው ፊት ቆሙ።

«ሰውየው እውነቱን ነው። ጣሪያ ላይ ነው የሚኖሩት» አሉ።

«በምን ያውቃሉ፣ ሐጂ?»

«አውቃለሁ።»

«በምን?»

ሐጂ ወደ ኢማሙ አዩ። ወደ ወሎ ነጋዴዎቹ አዩ። ጢማቸውን አሻሹ፤ እውነቴን ነው።

«ከሐጅ ስመለስ፣ ከጦርነቱ በፊት፣ በይተል መቅዲስን ልይ ብዬ ኢየሩሳሌም ሄድኩ። እዚያ ወባዬ ተነሣችብኝ። መንገድ ላይ ወደቅሁ። ዐረብኛዬ ለጸሎት እንጂ ለሕመም አይበቃም። አማርኛ ስቀባዥር አንድ የሐበሻ መነኩሴ ሰማኝ። ተሸክመው ጣሪያው ላይ አወጡኝ። አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ።» ቆም አሉ። «ከእጃቸው በላሁ። ከቅላቸው ጠጣሁ። መስቀል ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተኛሁ። ስሰግድ ፊታቸውን አዙረው ይወጡልኝ ነበር።»

ይህን የምታነቡ ልጆች ነገሩ ቀላል ይመስላችሁ ይሆናል። ያኔ እስላምና ክርስቲያን ጎረቤት ሆኖ እየኖረ፣ ለቅሶና ሠርግ እየተጠራራ፣ ማዕድ ላይ ግን የየራሱን ድስት ይለያል። ሐጅ አድርጎ የተመለሰ ሰው ከመነኩሴ ቤት አሥራ አንድ ቀን በላሁ ብሎ በገበያ መናገሩ በሰው ፊት ልብስ እንደማውለቅ ነበር።

«ሥጋም በላህ?» ብሎ ከነጋዴዎቹ አንዱ ጮኸ።

«ጾም ላይ ነበሩ! ሽሮ ነው!» አሉ ሐጂ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሥጋ ቢሆንም እበላ ነበር» አሉ።

መቶ አለቃው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ኦጁሉ የጀልባዋን ገመድ ያዘ። «ጥሩ። እንግዲያው ዋስ ይሁኑት። ይህ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግ በእሱ ቦታ እርስዎ ይጠየቃሉ።»

«እሆናለሁ።»

መቶ አለቃው ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። በእርስዎ ላይ ራሱ ጽሑፍ አለ። ስለ ሬዲዮ።»

«ማን ጻፈው?» አሉ ሐጂ።

መቶ አለቃው እኔን አዩኝ። ሐጂም አዩኝ። ገበያው ሁሉ ተከትሎ አየኝ፤ ዓሣዎቹም ያዩኝ መሰለኝ። በሁለት ወረቀት አንዱን ሐሰተኛ ብዬ፣ ሌላውን ዋስ እንዳይሆን አድርጌ፣ የሰውየውን መዳኛ በሁለቱም በኩል የዘጋሁት እኔው ነበርኩ።

«እኔ እሆናለሁ» አልኩ። ድምፄ ያው እንደምታውቁት ነው፤ ማንም አልሰማውም። ደግሜ ጮህኩ፦ «እኔ ዋስ እሆናለሁ!»

ፈረምኩ፤ ሰውየው ከጀልባዋ ወረደ። እየፈረምኩም አላመንኩትም ነበር። ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። እዚያ መኖሩን ሐጂ መሰከሩ፤ መነኩሴ መሆኑን ግን ማን መሰከረ? በእጄ እየፈረምኩ በልቤ ነገሩን እንደ ገና እጠይቅ ነበር።

ሐጂ የመሰከሩበትን ዋጋ ከፈሉ። ነጋዴዎቹ ለወራት «ሐጂ ጣሪያ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ አንዳንዱም ድስታቸውን ሸሸ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ በራቸው ላይ ስቆም፣ «ስኳር ነው?» አሉኝ። «አይደለም» ስላቸው፣ «ታዲያ ግባ» አሉኝ። ሬዲዮው የአዲስ አበባን ዘፈን ያሰማ ነበር።

መንገዱ እስኪደርቅ አባ ገብረ መድኅን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰነበተ። እኔ ዋሱ ነኝና እንደ ጥላው አልለየውም። ቅዳሴ ላይ ከኋላው ቆሜ ከንፈሩን አያለሁ። ካህናቱ ከመጽሐፍ አንብብ ሲሉት ዓይኔ ደክሟል ይላል። ውሃ ሳቢ የሌለው ጉድጓድ ሲያይ ግን ሄዶ ባልዲውን ይይዛል። የዋስነቱ ገመድ አንገቴ ላይ እየጠበቀ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

በጥቅምት የጎሬው የጭነት መኪና ተገኘ። ጭነቱ ላይ ሊወጣ ሲል እጁን ያዝኩት።

«አሁን መሄድህ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይመልስህም። እውነቱን ንገረኝ፤ መነኩሴ ነህ?»

አየኝ። ቆቡን አወለቀ። ራሱ ላይ እንደ ማንኛውም ገበሬ ሽበት ነበረ።

«አይደለሁም» አለ። «አንዲት ወይዘሮ ተከትዬ ለመሳለም የሄድኩ አሽከር ነኝ። እሷ እዚያው አረፈች። እኔ ለአባቶች ውሃ እየቀዳሁ አሥራ ሰባት ዓመት ቆየሁ። ጦርነቱ ሲመጣና ልሂድ ስላቸው፣ በቆብ ላይ አይተኩሱም ብለው አንዱ አባት የራሳቸውን አጠለቁልኝ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ውሃ ቀጂ ነኝ ብልህ ታምነኝ ነበር?»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቆቡን መልሶ አጠለቀ፤ መንገዱ ረዥም ነበር።

ሐጂ ዘንድ ሮጬ ሄድኩና፣ «ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። «የባልዲውን ነገር ሲነግረኝ አወቅሁ» አሉ። «አባቶቹ እዚያ ደረጃ ላይ አይወርዱም። እኔን ያጠጣኝም እንደ እሱ ያለ ሰው ነበር።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የሠራሁትን ሒሳብ አድርጋችሁ እዩት። ሰውየው የነገረኝን እውነት ሁሉ፣ ተራራውን፣ ጣሪያውን፣ መጥረጊያውን፣ ቁልፉን፣ ሐሰት ነው ብዬ ሁለት ማኅተም መታሁበት። የዋሸኝ በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔም በዚያች በአንዲቷ ውሸቱ ላይ ዋስ ሆኜ ፈረምኩለት። በጠረጠርኩት ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔን በጊዜው ባውቅ ግን ባሮን ተሻግሮ ይሞት ነበር። ከዚያ በኋላ በጉምሩክም በሌላም መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠራሁ፤ በሰው ላይ «ተረጋግጧል» የምትለዋን ቃል አልጻፍኩም። አለቆቼ ሰነፍ ነው ብለው ዕድገት ከለከሉኝ። ልክ ናቸው፤ ሰነፍም ነበርኩ።

ዛሬም ስለዚያች ከተማ ይዋጋሉ። የልጅ ልጆቼ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን እየነካኩ የማን እንደሆነች ይፈርዳሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አያ፣ አንተ የቤተ ክህነት ሰው ነበርክ፤ እስቲ የማን ናት?» ይሉኛል። አላየኋትም እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ይቺን «አላየኋትም» የምትል ቃል ለመማር አንድ ሰው ከጀልባ ላይ ማውረድ አስፈልጎኛል።